ቋሚ አይፒ አድራሻና ከርቀት መግባት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሜራና ኔትወርክ እዘረጋለሁ። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ ቀበሌ 18 ስዞር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ ሆኜ ሱቄን ማየት እፈልጋለሁ፤ ቋሚ አይፒ አስገባ አሉኝ፤ ምንድን ነው እሱ?» በስልክ ደጋግሜ ከማስረዳው ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ብዙ የተጠየቀው ቀድሟል።

«ቋሚ አይፒ» ሲባል የትኛው ነው?

ግማሹ ችግር እዚህ ላይ ነው። አይፒ ማለት አንድ ዕቃ ኔትወርክ ላይ የሚገኝበት የቁጥር አድራሻ ነው፤ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የውስጥ አድራሻ ነው፤ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር ለዲቪአሩ (የካሜራዎቹን ምስል ለሚቀርጸው ሳጥን)፣ ለኮምፒውተሩ፣ ለፕሪንተሩ የሚያድለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር። ይህን ቋሚ ማድረግ የራስዎ ሥራ ነው፤ ማንንም አያስፈቅዱም፣ አምስት ሳንቲም አይከፍሉም። ሁለተኛው የውጭ አድራሻ ነው፤ ኢንተርኔት አቅራቢው ለመስመርዎ የሚሰጠው፣ ዓለም ቤትዎን የሚያገኝበት። ይህኛው እንዲጸና ከፈለጉ ከአቅራቢው ጠይቀው፣ ከፍለው ነው የሚያገኙት።

ፋሲል ግቢን ያስቡ። እንግዳ ሰው ባጃጅ ይዞ «ፋሲል ግቢ» ቢል አጥሩ ድረስ ያደርሱታል። ከገባ በኋላ ግን የፋሲል ግንብ የቱ ነው፣ የኢያሱ የቱ፣ የምንትዋብ የቱ፤ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። የውጭ አይፒ እስከ አጥሩ ያደርሳል፣ የውስጥ አይፒ እስከ ግንቡ። መሐል ቆሞ የሚያሳየው ራውተሩ ነው። ሰው የውጩን ገዝቶ የውስጡን ሳያጸና ይቀራል፤ ከዚያ «ከፍዬም አልሠራልኝ» ይላል።

የምፈልገው የትኛውን እንደሆነ በምን ልወቅ?

ሥራው ከቤቱ ካልወጣ፣ ለምሳሌ ሂሳብ ሠራተኛዋ ጓዳ ያለውን ፕሪንተር እንድታገኘው ብቻ ከሆነ፣ የውስጡ ይበቃል። ከውጭ ለመግባት የውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው፤ የውጩ ግን እንደ ሁኔታው። የራሱ ሰርቨር ያለው ድርጅት፣ ቅርንጫፎቹን የሚያገናኝ ነጋዴ፣ አብሮት የሚሠራው ተቋም «ከዚህ አድራሻ ከመጣ ብቻ ነው የምቀበልህ» ያለው ሰው ይግዛው። ለአራት ካሜራ ብለው በየወሩ ለመክፈል ከመዋዋልዎ በፊት ግን እስከ ታች ያንብቡ። እኔ ከምሠራላቸው ብዙዎቹ ሳይገዙት ነው የሚያዩት።

የውስጡን አድራሻ እንዴት ቋሚ ላድርገው?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዕቃው ራሱ ላይ ገብቶ ቁጥሩን በእጅ መጻፍ ነው። ሌላው ራውተሩ ላይ «ይህ ዕቃ በመጣ ቁጥር ይህን አድራሻ ስጠው» ብሎ ማስያዝ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሆነውን ልንገራችሁ።

አዘዞ ፔንሲዮን ያላቸው፣ ቤታቸው ግን አራዳ የሆነ አንድ ትልቅ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደወሉ። «ልጄ፣ ካሜራው ታወረ እኮ!»

«ጋሼ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«ጠፍቶ አደረ እንጂ! ንጋት ላይ ነው የመጣው።»

ሄጄ ሳየው ዲቪአሩ ደህና ነው፤ ስክሪኑ ላይ ስድስቱም ካሜራ ይታያል። የጠፋው ከስልካቸው ላይ ብቻ ነው። ቀድሞ የሠራላቸው ሰው ለዲቪአሩ 192.168.1.5ን በእጅ ጽፎለታል፤ ለራውተሩ ግን አልነገረውም። ራውተሩ ከ192.168.1.2 እስከ 254 ያለውን ሁሉ ለመጣው ሁሉ ያድላል። መብራት ሲጠፋ ለማን ምን እንደሰጠ የያዘውን መዝገብ ረሳ። ንጋት ላይ ሲነሳ የእንግዶቹ ስልኮች ተሰልፈው አድራሻ ጠየቁት፤ ለአንዱ 2፣ ለአንዱ 3፣ ለአንዱ 4። ዲቪአሩ ገና እየተነሳ ነበርና «5 የኔ ነው» የሚል አልነበረም፤ 5ም ታደለ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ አራዳ ቁጭ ብለው ካሜራቸውን ሲከፍቱ ራውተሩ የሚመራቸው ፎቅ ላይ ወደተኛ እንግዳ ስልክ ነው። እሱ ደግሞ ምን ብሎ ይመልስላቸው?

የዲቪአሩን ማክ አድራሻ ከኔትወርክ ገጹ ላይ ገለበጥኩ። ማክ አድራሻ ማለት ፋብሪካው ለዕቃው የሰጠው 12 ምልክት ያለው መለያ ነው፤ ቁጥርና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደሎች የተቀላቀሉበት፤ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጀርባ ባለው ወረቀትም ይገኛል። ራውተሩ ላይ ዲኤችሲፒ የሚለው፣ አድራሻ የሚታደልበት ገጽ ውስጥ ገብቼ ያንን ማክ ከ192.168.1.200 ጋር አሰርኩት። ዲቪአሩን ደግሞ አድራሻ ከራውተሩ እንዲቀበል መለስኩት። ከዚያ የራውተሩን ሶኬት ነቅዬ ሰካሁ፤ ደግሜ ነቀልኩ፤ ሦስተኛም። ጋሼ «ምነው ዕቃውን ታደክመዋለህ?» አሉኝ። «ዛሬ ማታ መብራት ሲጠፋ ከሚፈተን አሁን እኔ ልፈትነው ብዬ ነው።»

ማስያዣ የሌላቸው ራውተሮችም አሉ። የእርስዎ ከሌለው የሚታደለውን ክልል ያጥብቡት፤ ለምሳሌ ከ192.168.1.50 እስከ 199 ብቻ ያድል ይበሉት። ከ200 በላይ ያለውን ለካሜራ፣ ለፕሪንተርና ለሰርቨር በእጅ ይጻፉ። እነዚያን ቁጥሮች ራውተሩ ለማንም አይሰጥም፤ ግጭት አይኖርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በማክ ማስያዝ ለስልክ ላይሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10ና ከ2020ው አይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ዋይፋይ ላይ እውነተኛውን ማክ ደብቀው ሌላ ያሳያሉ። ስልክን ለማስያዝ መጀመሪያ ያንን ለዚያ ዋይፋይ ያጥፉት። ለዲቪአርና ለፕሪንተር አያሳስብም።

ራውተሩ ውስጥ የሚገባው በየት ነው?

ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ ብሮውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ላይ 192.168.1.1 ይጻፉ። እምቢ ካለ 192.168.0.1፣ ፋይበር ከሆነ ደግሞ 192.168.100.1 ይሞክሩ። ከሆዱ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ትክክለኛውን ይነግርዎታል። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን በላቲን ፊደል ሳይከፋፍሉ ቢጽፉም «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው ጎን ያለው እሱ ነው። ፓስዎርዱ እስካሁን ፋብሪካው የሰጠው ከሆነ ሌላ ነገር ሳይነኩ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ።

በእጅ ስጽፍ ስንት ነገር ነው የምሞላው?

አራት። አይፒው ለምሳሌ 192.168.1.200፤ ሰብኔት ማስክ (የቤቱን ኔትወርክ ስፋት የሚለየው) 255.255.255.0፤ ጌትዌይ የራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1፤ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው) ደግሞ ራሱ ራውተሩ ወይም 8.8.8.8። ብዙ ሰው ሁለቱን ሞልቶ ሁለቱን ይተዋል። ጌትዌይ ካልተጻፈ ዕቃው ከቤት መውጫውን አያውቅም፤ ቤት ውስጥ ያዩታል፣ ከውጭ ግን የለም። ዲኤንኤስ ከተረሳ ደግሞ ዕቃው የውጩን ዓለም በስም መጥራት አይችልም፤ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት አያስተካክልም። ዲቪአሩ «ኦፍላይን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከዲኤንኤሱ እጀምራለሁ።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፤ ቀረጻ ስፈልግ ለምን አይገጥምልኝም?

ከአይፒ ጋር አይገናኝም፤ ግን ስለምጠየቅ እመልሳለሁ። ዲቪአሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የሰዓት ክልሉ ሲደመር 3 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በእኛ ሰዓትና በእሱ መካከል ስድስት ሰዓት ይቁጠሩ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሱቅዎ ተሰብሮ ከሆነ ዲቪአሩ ላይ የሚፈልጉት ረቡዕ 02:00 ነው። ማክሰኞ 20:00ን ከፍተው ሰላማዊ መንገድ ሲያዩ ያመሹ አውቃለሁ።

የውጭ አድራሻዬ ስንት ነው? እውነተኛ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ በፊት ይህን ያረጋግጡ፤ ይህ ካልሆነ ቀጥሎ ያለው ልፋት ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው። ራውተሩ ውስጥ ዋን ወይም ኢንተርኔት የሚለው ገጽ ላይ የተጻፈውን አይፒ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ከዚያ «አይፒዬ ስንት ነው» ብለው የሚጠይቁት ማንኛውም ድረ ገጽ የሚነግርዎትን ያወዳድሩ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ እውነተኛ የውጭ አድራሻ አለዎት።

ካልገጠሙ የራውተሩን ቁጥር መነሻ ይዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአቅራቢዎች የተለየ ነው፤ አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የሚያካፍሉበት። በ10፣ በ192.168፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነም እነዚህ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተዉ ቁጥሮች ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አይዞሩም። በሁለቱም ሁኔታ ከራውተርዎ ውጭ እርስዎ የማያዙት ሌላ በር አለ። የራስዎን በር ወለል አድርገው ቢከፍቱ እንግዳው እዚያኛው ላይ ይቀራል።

ለምን ለሁሉም እውነተኛ አድራሻ አይሰጥም?

ስላለቀ። በብዛት የምንጠቀምበት የአይፒ ቁጥር፣ አይፒቪ4 የሚባለው፣ 32 ቢት ነው፤ ሲሰላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ይወጣዋል። ዲዛይኑ ሲነደፍ ይህ የማያልቅ ይመስል ነበር። ዋናው የዓለም ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተሟጠጠ። የአፍሪካው መዝገብ ያዥ አፍሪኒክም ከ2017 ጀምሮ በቁጠባ ነው የሚያድለው። ስለዚህ የተረፈው ይከፋፈላል፤ ለብቻዬ የሚል ይከፍላል። በስልክ ዳታ ወይም በ4ጂ ራውተር የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የጋራ አድራሻ ነው የሚጠብቅዎት ብለው ይነሱ።

የውጭ ቋሚ አይፒ ልግዛ ካልኩ ምን ልበል?

መስመሩ የተመዘገበበትን ስምና የአገልግሎት ቁጥር ይዘው አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ይሂዱ፤ መስመርዎ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ላይ ደውለው መጀመር ይችላሉ። «አይፒ እፈልጋለሁ» ብቻ ካሉ አይግባቡም። «ለብሮድባንድ መስመሬ የማይቀያየር ፐብሊክ አይፒ» ይበሉ። የሚሰጥዎ ለየትኛው የመስመር ዓይነት እንደሆነና የወር ክፍያውን ሳይዋዋሉ ይጠይቁ። ከተሰጥዎ በኋላ ራውተሩን አጥፍተው ያስነሱና ከላይ ያለውን ማወዳደር ይድገሙት። በማግሥቱም አንዴ ይድገሙት።

ፖርት ፎርዋርዲንግ ምንድን ነው?

ወደ ፋሲል ግቢ ልመለስ። አጥሩ አንድ ነው፣ በሮቹ ግን 12 ናቸው፤ እያንዳንዱም ስም አለው። እምቢልታ በር አለ፣ ባልደራስ በር አለ፣ ተዝካሮ በር አለ። ስሙን ሲሰሙ በየት በር ምን ይገባ እንደነበር ይገባዎታል፤ ፈረሰኛው በእምቢልታ በር አይመጣም።

የውጭ አይፒዎም እንደዚያ በሮች አሉት፤ ቁጥራቸው እስከ 65535 ይደርሳል። ፖርት ይባላሉ። ሁሉም ዝግ ናቸው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ራውተሩን «በዚህ ቁጥር በር የመጣ ካለ ወደ 192.168.1.200 ውሰደው» ማለት ነው። የሂክቪዥን ዲቪአሮች ሲመጡ 8000ን፣ የዳሁዋዎቹ 37777ን ይጠቀማሉ፤ ኮምፒውተርን ከርቀት የሚያስከፍተው የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ 3389ን። የውስጥ አድራሻው ለምን መጽናት እንዳለበት አሁን የታየዎት ይመስለኛል፦ ትእዛዙ የሚጠቅሰው ዕቃውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን ሌላ ከያዘው እንግዳው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የአዘዞው ጋሼ እንደሆኑት።

ሁሉንም አስተካክዬ ቤት ሆኜ ስሞክረው አይከፍትም። ለምን?

ምናልባት ተስተካክሎ ይሆናል። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ በራሱ የውጭ በር ተመልሶ የሚገባን ሰው አያስተናግዱም። የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በዳታ ይሞክሩት። በዳታ ከሠራ ጨርሰዋል። ይህን ባለማወቅ ግማሽ ቀን ያጠፋሁበት ጊዜ ነበር፤ ለዚያውም የሚሠራውን አፍርሼ እንደገና እየሠራሁ።

ዋይፋዩ እንዲደርስልኝ ሁለተኛ ራውተር ገዝቼ ቀጥያለሁ። ችግር ነው?

ነው፤ ካሜራው በሁለተኛው ሥር ከገባ። ሁለት ራውተር ማለት ሁለት አጥር ነው፤ የመጀመሪያውን በር ከፍተው ሁለተኛው ይዘጋብዎታል። ሁለተኛውን ወደ ተራ ዋይፋይ ማሰራጫ ይቀይሩት፦ የራሱን ዲኤችሲፒ ያጥፉ፣ የዋናውን ክልል ከላይ እንዳልኩት አጥብበው 192.168.1.2 የመሰለ ራውተሩ የማያድለው አድራሻ ይስጡት፣ ከዋናው የመጣውን ገመድ ዋን ከሚለው ሳይሆን ከላን ጉድጓዶቹ በአንዱ ይሰኩት። ከዚያ ቤቱ በሙሉ አንድ ግቢ ይሆናል።

ቋሚ የውጭ አይፒ ሳልገዛ ከርቀት መግባት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ሦስት መንገድ አለ።

አድራሻዎ እውነተኛ ሆኖ ግን የሚቀያየር ከሆነ፣ ለምሳሌ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አዲስ ከተሰጥዎ፣ ዲናሚክ ዲኤንኤስ ይጠቀሙ። ከቁጥሩ ይልቅ ስም ይይዛሉ፤ ራውተሩ ወይም ዲቪአሩ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር «አሁን እዚህ ነኝ» ብሎ ለዚያ ስም ያሳውቃል። ዳክ ዲኤንኤስ በነጻ ይሰጣል፤ ኖ-አይፒም ነጻ ስም አለው፣ እሱን ግን በየ30 ቀኑ «አዎ፣ እፈልገዋለሁ» እያሉ ማደስ አለብዎት። ወሩን የዘነጋ ሰው ካሜራው «ጠፋ» ብሎ ይደውልልኛል።

አድራሻዎ የጋራ ከሆነ ዲናሚክ ዲኤንኤስም አይረዳዎትም፤ የስሙ መጨረሻ ያው የሌላው በር ነው። ለካሜራ የዕቃው አምራች ያዘጋጀውን የክላውድ መተግበሪያ ይጠቀሙ፤ የዲቪአሩን ኪውአር ኮድ በስልክዎ ያነባሉ፣ አለቀ። ዲቪአሩ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደውላል፤ ወደ ውጭ የሚደውልን ደግሞ ራውተሩ አይከለክልም። ኤኒዴስክና ቲምቪወር ለኮምፒውተር የሚሠሩትም በዚሁ ስልት ነው። ጉዳቱ መሐል ላይ ሦስተኛ ወገን መኖሩ ነው።

ሦስተኛው ቪፒኤን ነው፤ ከስልክዎ እስከ ቤትዎ የሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መንገድ፣ እኔ ለራሴ የምጠቀመው። ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን ቤት ባለ ዕቃ ላይ ይጫናል፤ ከርቀት ሲገቡ ስልክዎ ቤት እንዳለ ሆኖ ይቆጠራል፤ ዲቪአሩን በ192.168.1.200 ነው የሚጠሩት። የሚከፈተው በር አንድ ብቻ ነው፤ ቁልፍ ለሌለው ደግሞ መኖሩም አይታወቅም፤ ዋየርጋርድ ለማያውቀው ሰው መልስ አይሰጥምና። አድራሻዎ የጋራ ከሆነ በዋየርጋርድ ላይ የተሠራው ቴይልስኬል የመሰለው በሩን ሳይከፍቱም ያገናኛል።

ሪሞት ዴስክቶፑን በ3389 ብከፍተው ምን ይሆናል? ጎንደር ያለ ትንሽ ሱቅን ማን ይፈልገዋል?

ማንም አይፈልግዎትም፤ ስለማይፈልጉዎት ነው አደጋው። በሩን የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ጎንደርን ከለንደን አይለይም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ዜድማፕ የተባለ መሣሪያ የዓለምን አይፒቪ4 አድራሻዎች በሙሉ አንድ በር ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ይጨርሳል፤ ለዚያውም በአንድ ኮምፒውተር። «3389ን ወደ 5000 ቀይሬ ደበቅሁት» የሚሉኝ አሉ። በሩን አዛወሩት እንጂ አልደበቁትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር አልነበረም፤ ካሜራ፣ ዲቪአርና ራውተር ነበር። ያደረገው ብልጠት የለም፤ 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስዎርዶችን መሞከር ብቻ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ እነዚያ ካሜራዎች ተሰብስበው ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ ድርጅት ሲደበድቡ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ጠፉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ደግሞ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ፤ ማይክሮሶፍት ካረጀ በኋላ ለተወው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳን ማስተካከያ አወጣ። እዚህ ከተማ ሂሳባቸውን አሁንም በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ሱቆች አውቃለሁ።

ስለዚህ 3389ን አልከፍትም። ደንበኛ ቢለምነኝም አልከፍትም፤ ቪፒኤን አስገብቼ በዚያ ውስጥ ይግቡ እላለሁ። ዲቪአርም ከተቻለ እንደዚሁ። የግድ ከተከፈተ ፓስዎርዱ ይቀየር፣ የዕቃው ሶፍትዌር ይታደስ፣ ዩፒኤንፒ የሚለው ራውተሩ ላይ ይጥፋ፤ እሱ ካልጠፋ ዕቃዎች ሳያስፈቅዱዎት በር ይከፍታሉ።

ቋሚ አይፒ ካስገባሁ ካሜራው ይፈጥናል?

አይፈጥንም። ከርቀት ሲያዩ የሚሠራው የመስመርዎ መላኪያ ፍጥነት ነው፤ በስልክ ገመድ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ደግሞ ማውረጃው ቢሰፋም መላኪያው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋቢት አካባቢ ነው። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ በሙሉ ጥራት 4 ሜጋቢት ሊፈልግ ይችላል። አራቱን በአንዴ እከፍታለሁ ማለት አህያ የማይችለውን መጫን ነው። መተግበሪያው ላይ «ሰብ ስትሪም» የሚለውን ይምረጡ፤ ምስሉ ያንሳል፣ ግን ይሄዳል። ዲቪአሩ ላይ የሚቀረጸው ጥራት አይነካም። ፋይበር ከገባልዎት ይህ ችግር ብዙም አይታይም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ እንዳልቸገር ምን ላድርግ?

ራውተሩን በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ያድርጉት፤ የሚበላው ከ10 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ለረጅም ሰዓት ይይዘዋል። ከርቀት የሚገቡበት ኮምፒውተር ካለ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ያዙት፤ ያለዚያ ሑመራ ሆነው «ማን ሄዶ ቁልፉን ይጫንልኝ» ይላሉ። እንዳይተኛም ያድርጉት። ኤዲኤስኤል ከሆነ ደግሞ በክረምት ነጎድጓድ ሲያጉረመርም የስልኩን ገመድ ጭምር ይንቀሉ። መብረቅ በመብራቱ ሶኬት ብቻ አይመጣም፤ ሞደሙ ከሶኬት ተነቅሎ በስልክ ገመዱ የተቃጠለባቸው አሉ።

ሠራተኛው ሠርቶ ሲሄድ ምን ተቀብዬ ልቅር?

አንድ ወረቀት። የራውተሩ አድራሻና አዲሱ ፓስዎርድ፤ የመስመሩ የመግቢያ ስምና ፓስዎርድ፣ ራውተሩ አንድ ቀን ወደ ፋብሪካው ቢመለስ ያለ እሱ መስመሩ አይነሳምና፤ የዲቪአሩ የውስጥ አይፒና ማክ፤ የተከፈቱት በሮች ቁጥር፤ የዲናሚክ ዲኤንኤሱ ስም ካለና በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ። ኢሜይሉ የእርስዎ ይሁን፤ የሠራተኛው ከሆነ ስሙን የሚያድሰው እሱ ነው፣ እሱም ስልኩን ላያነሳ ይችላል። ወረቀቱን ራውተሩ ላይ አይለጥፉት፤ ሱቁ የገባ ሁሉ ያነበዋል። ንግድ ፈቃዱ ካለበት ፋይል ውስጥ ያስገቡት።